ልክ፦ የትንንሽ ባቡሮች ታሪክ በአንድ ቃል

«ልክ» የምትለዋ ቃላችን ሦስት ትርጉም ተሸክማ ትኖራለች። አንደኛው መጠን ነው፤ «የጫማህ ልክ ስንት ነው?» እንላለን። ሁለተኛው እውነትነት ነው፤ «ልክ ብለሃል» እንላለን። ሦስተኛው መመሳሰል ነው፤ «ልክ እንደ አባቱ» እንላለን። በዕለት ንግግራችን ሦስቱ ተስማምተው ስለሚኖሩ ልዩነታቸውን ልብ የሚል ብዙ ሰው የለም። ይሁን እንጂ ሦስቱ ትርጉሞች እርስ በርሳቸው የተጣሉበት፣ ጠባቸውም ብዙ ዐሥርት ዓመታት የዘለቀበት አንድ ዓለም አለ። እርሱም የትንንሽ ባቡሮች ዓለም ነው።

በአውሮፓ፣ በአሜሪካና በጃፓን የእውነተኛውን ባቡር አምሳል በአነስተኛ መጠን እየሠሩ ዕድሜያቸውን የሚያሳልፉ ብዙ ጎልማሶች አሉ። ሐዲድ ይዘረጋሉ፣ ጣቢያ ያንጻሉ፣ ተራራ ይክባሉ፣ ፉርጎ ይቀባሉ። ሐዲዱ፣ ሕንጻውና መልክዓ ምድሩ አንድ ላይ የሚሰናዳበትን ጠረጴዛ በዚህ ጽሑፍ «ገበታ» እያልን እንጥራው። ነገሩን የልጅ ጨዋታ ነው ብሎ ማለፍ ይቻላል፤ ጅማሬውም በእርግጥ የልጅ ጨዋታ ነበር። ታሪኩን ቀረብ ብሎ ለሚመረምር ግን አንድ ከባድ ጥያቄ በውስጡ ያገኛል፤ በየቤታቸው የየራሳቸውን ዓለም የሚሠሩ ሰዎች ሥራቸውን ለመካፈል በምን ይስማማሉ? ስምምነቱስ ምን ያስከፍላቸዋል? (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልን።)

ጥያቄው ወደ ትንንሾቹ ከመውረዱ አስቀድሞ ታላላቆቹን ባቡሮች አስጨንቋቸዋል። በእንግሊዝ አገር ጆርጅ ስቲቨንሰን ያስለመደው የሐዲድ ስፋት 1435 ሚሊ ሜትር ነበር። ኢዛምባርድ ብሩኔል የተባለው መሐንዲስ ግን ለፍጥነትም ለምቾትም ሰፊ ሐዲድ ይሻላል ብሎ 2140 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው መሥመር ዘረጋ። ሁለቱ ስፋቶች በ1844 ግሎስተር ከተማ ላይ ሲገናኙ ባቡሮቹ መተላለፍ አልቻሉም። ዕቃው ሁሉ ከአንዱ ፉርጎ እየወረደ በሰው ጉልበት ወደ ሌላው ይጫን ጀመር። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1846፣ የእንግሊዝ ፓርላማ አዳዲስ የመንገደኛ መሥመሮች በ1435 እንዲሠሩ ደነገገ። የብሩኔል ሰፊ ሐዲድ በባለቤቱ ኩባንያ መሥመሮች ላይ ቀስ በቀስ እየተመናመነ ቆይቶ በ1892 ፈጽሞ ጠፋ። በጥራት ሰፊው ይበልጣል ብለው የተሟገቱ መሐንዲሶች አልጠፉም ነበር፤ ዳሩ ግን ጎረቤት የማይጋራው ብልጫ ከግሎስተር በላይ ሊሻገር አልቻለም።

የብሩኔል ሐዲድ ከመጥፋቱ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1891፣ በጀርመን አገር በላይፕዚግ የንግድ ትርዒት ላይ ሜርክሊን የተባለ አሻንጉሊት ሠሪ አዲስ ነገር አቀረበ። ሜርክሊን በ1859 በጎፒንገን ከተማ የተቋቋመ የቤተሰብ ድርጅት ሲሆን፣ የመጀመሪያ ሥራው ለልጃገረዶች አሻንጉሊት ቤት የሚሆን የቆርቆሮ የወጥ ቤት ዕቃ ነበር። መሥራቹ በ1866 ካረፈ በኋላ ሥራውን ያቆየችው ሚስቱ ካሮሊን ናት። ከአሻንጉሊት ቤት ንግድ የተገኘው ትምህርት ቀላል ነው፤ ቤቱ አንድ ጊዜ ይገዛል፣ ዕቃው ግን በየበዓሉ ይጨመርለታል። ሜርክሊን ይህንኑ ዘዴ ወደ ባቡር አዛወረው።

ከዚያ በፊት የቆርቆሮ ባቡር የሚሠራ ሁሉ በመሰለው ስፋት ይሠራ ነበር። ሜርክሊን ግን የሐዲዶቹን ስፋት ወስኖ 1፣ 2፣ 3 ብሎ ቁጥር ሰጣቸው፤ ሐዲዱንም እየገጣጠሙ የሚያስረዝሙት አደረገው። ዘንድሮ ክብ ሐዲድ የተሰጠው ልጅ ለከርሞ ማለፊያ ሐዲድ ይጨመርለታል፤ በሦስተኛው ዓመት ጣቢያ ያገኛል። የዛሬው ስጦታ ካለፈው ዓመት ስጦታ ጋር እንዲገጥም ግድ ነበርና ልክ የመጀመሪያ ትርጉሙን፣ መጠንን፣ ይዞ ወደዚህ ዓለም ገባ። ሌሎች ሠሪዎችም ቁጥሮቹን ተቀበሉ። ከዚያ ያነሰ ባቡር በተፈለገ ጊዜ ከአንድ በታች የቀረው ቁጥር «ዜሮ» ብቻ ነበርና 32 ሚሊ ሜትሩ ሐዲድ «ዜሮ» ተባለ። የሊቨርፑሉ ፍራንክ ሆርንቢ በ1920 ለገበያ ያወጣቸው፣ በጠመዝማዛ ብረት ኃይል የሚሄዱት ባቡሮች በዚህ ስፋት የተሠሩ ነበሩ።

ዜሮም ቢሆን ለብዙ ሰው ቤት ሰፋ። ባቡሩ ወለል ላይ ተዘርግቶ የሚውልበት ሰፊ ክፍል ያለው ጥቂት ነውና በምግብ ጠረጴዛ ላይ የሚበቃ ባቡር መፈለግ ተጀመረ። በኑረምበርግ የሚገኘው ቢንግ የተባለ ፋብሪካ በ1922 የጠረጴዛ ባቡሩን አወጣ፤ በ1935 ደግሞ ትሪክስና ሜርክሊን በኤሌክትሪክ የሚሄዱትን አነስተኛ ባቡሮቻቸውን ተከታትለው አቀረቡ። ከዚህ የወጣው ስፋት 16.5 ሚሊ ሜትር ነው። ስሙም «ኤች-ኦ» ሆነ፤ የዜሮ ግማሽ ማለት ነው። 1435ን ለ87 ብናካፍለው 16.5 እናገኛለን፤ ስለዚህ በዚህ ልክ የሚሠራ ሁሉ የእውነተኛውን 87ኛ እጅ ያህል ይሆናል።

በዚያው ዘመን በአሜሪካ ጉዳዩ ከልጆች እጅ ወጥቶ የጎልማሶች ሆኖ ነበር። በ1934 «ሞዴል ሬይልሮደር» የተባለው መጽሔት በሚልዋኪ ከተማ መታተም ጀመረ፤ በ1935 በዚያችው ከተማ ብሔራዊ ማኅበራቸው ተቋቋመ። ማኅበሩን የወለደው ችግር የግሎስተር ችግር ነበር። የአንዱ ፋብሪካ ፉርጎ በሌላው ሐዲድ ላይ አይቆምም፤ የአንዱ ማያያዣ መንጠቆ የሌላውን አይዝም። ሰው የደከመበትን ፉርጎ ይዞ ወደ ወዳጁ ቤት ሲሄድ ፉርጎው ከሐዲዱ ይወጣበታል። ማኅበሩ የመንኮራኩሩን ውፍረት፣ በሁለቱ መንኮራኩሮች መካከል ያለውን ርቀት፣ የሐዲዱን ስፋት እየለካ ደነገገ። የድንጋጌውም መፈተኛ ሆኖ አንዲት ጥርስ ጥርስ ያላት ትንሽ ሥስ ብረት ለአባላት ተዳረሰች። መንኮራኩሩ በጥርሶቿ መካከል ከገባ ልክ ነው፤ ካልገባ አይደለም። አውሮፓውያኑም በ1954 ማኅበሮቻቸውን በአንድ ላይ አሰባስበው የየአገሩን ልክ ማቀራረብ ያዙ።

እስከዚህ ድረስ የልክ የመጀመሪያውና ሁለተኛው ትርጉም አልተለያዩም። ጠቡ የተነሣው በእንግሊዝ ነው።

የእንግሊዝ ድልድዮችና ዋሻዎች ጠባብ ስለሆኑ የአገሩ ሎኮሞቲቮች ከጀርመኖቹና ከአሜሪካኖቹ ያንሳሉ። በ87ኛ እጅ ሲሠሩ ይብሱን ይደቅቃሉ፤ በዚያ ዘመን የነበረው የኤሌክትሪክ ሞተር ደግሞ በሆዳቸው ውስጥ አይገባም። የተገኘው መላ የሎኮሞቲቩን አካል ወደ 76ኛ እጅ ከፍ አድርጎ ሐዲዱን ግን እንዳለ በ16.5 መተው ነበር። ልኩ «ደብል ኦ» ተባለ፤ ሆርንቢም በ1938 ያወጣውን አዲስ ባቡር «ሆርንቢ ደብሎ» ብሎ ሰየመው። የዋጋው ስሌት ግን ቀላል አይደለም። 16.5 ሚሊ ሜትር በ76.2 ተባዝቶ ወደ እውነተኛው ዓለም ቢመለስ 1435 አይሆንም፤ 1257 ገደማ ይሆናል። ከሐዲዱ ስፋት አንድ ስንዝር ያህል ጎደለ። ባቡሩ ትከሻው ሰፍቶ እግሩ የጠበበ ሰው መሰለ።

ስሕተቱን ሁሉም ያውቀዋል፤ የሚያርመው ግን አልተገኘም። ምክንያቱም ስሕተቱ የሁሉም ሆኖ ነበር። ሱቁ በ16.5 ይሸጣል፤ ጎረቤት በ16.5 ይሠራል፤ ልጅ ከአባቱ የወረሰው ፉርጎ በ16.5 ይሄዳል። የጋራ የሆነው ልክ ልክ አልነበረም!

በዚህ ያልረኩ ሰዎች በየጊዜው ተነሥተዋል። አንዳንዶቹ ወደ 18 ሚሊ ሜትር አሰፉት፤ የተሻለ ቢሆንም ፍጹም ግን አልሆነም። በ1960ዎቹ አጋማሽ ጥቂት እንግሊዛውያን እስከ መጨረሻው ለመሄድ ወሰኑ። የእውነተኛውን ሐዲድ ስፋት ለ76.2 አካፍለው 18.83 ሚሊ ሜትር ላይ ደረሱ፤ ልካቸውንም «ፕሮቶፎር» አሉት። ስፋቱን ብቻ አይደለም ያረሙት። የመንኮራኩሩን ከንፈር ሳይቀር በእውነተኛው ምጥጥን አሳነሱት። ከንፈሩ ሲሳሳ ባቡሩ በቀላሉ ከሐዲድ የሚወጣ ሆነ፤ ስለዚህ እግሮቹ ሁሉ ሐዲዱን ሳይለቁ እንዲሄዱ በየዘንጉ ላይ ረቂቅ ስፕሪንግ ወይም ተወዛዋዥ መደገፊያ ማበጀት ግድ አላቸው። ከሱቅ የተገዛ ባቡር በሐዲዳቸው ላይ አይሄድም። አንድ ሎኮሞቲቭ ለመጨረስ ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ይፈጃል። ሲጨርሱት ግን በፎቶግራፍ ያየው ሰው ከእውነተኛው ለመለየት ይቸገራል።

ከእነዚህ ሁለት ወገኖች ማንኛው ልክ ነው? ይህን ጽሑፍ የሚያነብ ሰው ወዲያው ለአንዱ ለመፍረድ ይቃጣው ይሆናል። እውነትን የሚወድ ለ18.83 ይፈርዳል። ወዳጅነትን የሚወድ ለ16.5 ይፈርዳል። ክርክሩ ከሐዲድ የሰፋ መሆኑን ግን መካድ አይቻልም። እውነትን አጥብቆ የያዘ ብቻውን እንዳይቀር፣ ከሁሉ ጋር የተስማማም በስሕተት እንዳይኖር የሚያስችል መንገድ አለን?

መልስ ከመፈለጋችን በፊት የልክን ሦስተኛ ትርጉም፣ መመሳሰልን፣ ወደ መድረኩ እንጥራው።

ጆን አኸርን የተባለ እንግሊዛዊ በ1930ዎቹ መጨረሻ «ማደር ቫሊ» የተባለውን ገበታ ጀመረ። ከእርሱ በፊት ብዙዎች የሚሠሩት ባቡር ብቻ ነበር፤ መልክዓ ምድሩ ማስጌጫ ነው። አኸርን ግን ሸለቆውን፣ መንደሩን፣ ወንዙንና መጠጥ ቤቱን ከባቡሩ ጋር እኩል አድርጎ ሠራ። ሸለቆው በየትኛውም ካርታ ላይ የለም፤ ሐዲዱም ያው ስሕተተኛው 16.5 ነው። የሚመለከተው ሁሉ ግን አንድ የእንግሊዝ ገጠር ያየ ይመስለዋል። አኸርን በ1961 ካረፈ በኋላ ገበታው በኦክስፎርድሺር ሎንግ ዊተናም በሚገኘው የፔንደን ቤተ መዘክር ተጠለለ። ይህን ቤተ መዘክር የመሠረተው ሮይ ኢንግላንድ የተባለ የአውስትራሊያ ተወላጅ ነው። በ1925 ወደ እንግሊዝ በመጣ ጊዜ የሣር ክዳን ያላቸው ጥንታዊ ቤቶች እየፈረሱና እየተለወጡ መሆናቸውን አይቶ አዘነ። ሊያድናቸው ባይችል በትንሹ ሊያቆያቸው ወሰነ፤ እየለካና ፎቶግራፍ እያነሣ የአካባቢውን ቤቶች በ76ኛ እጅ ይሠራ ጀመር። ከ1954 ጀምሮ በዚያ ሥፍራ ወዳጆቹ ተባበሩት፤ እርሱ ካለፈም በኋላ ሥራው ቀጥሏል። የእርሱ ሐዲድ 18 ሚሊ ሜትር ነው። ስለዚህ በአንድ ጣራ ሥር የአኸርን 16.5 እና የኢንግላንድ 18 ጎን ለጎን ይኖራሉ። ሁለቱም በቁጥር ልክ አይደሉም፤ ሁለቱም ግን ልክ እንደ አገሩ ናቸው።

በአሜሪካ ደግሞ በካሊፎርኒያ በሞንተሬይ ከተማ ጆን አለን የተባለ ባለሙያ ፎቶግራፍ አንሺ ነበር። ቤቱ ምድር ቤት ውስጥ ከወለል እስከ ጣራ የሚደርሱ ተራሮች ሠርቶ በመካከላቸው ባቡር አስኬደ። መሥመሩን «ጎሪ ኤንድ ዲፊትድ» ብሎ ሰየመው፤ «ደም የለበሰና ድል የተመታ» እንደ ማለት ነው። ከፉርጎ ገፊዎቹም አንዱ የዳይኖሰር አሻንጉሊት ነበር! ይህን ያህል ቀልደኛ ሰው ባቡሮቹን ዝገት፣ ጥቀርሻና አቧራ እያለበሰ ያረጁ ማስመሰልን ለብዙዎች ያስተማረ ነው። ያለ ርኅራኄ የሚያብረቀርቅ አዲስ ባቡር ሐሰት እንደሆነ፣ ሥራ የዋለ ነገር የሥራው ምልክት እንዳለበት አሳየ። ሌላ የትም የሌለ መሥመር ሆኖ ሳለ ከማናቸውም ይልቅ እውነተኛ ይመስል ነበር።

አለን በጥር ወር 1973 በልብ ሕመም ሞተ። ከዐሥር ቀናት ያህል በኋላ ቤቱ በእሳት ተያያዘ፤ የሃያ ዓመት ገደማ ድካም የሆነው ገበታም አብዛኛው ተቃጠለ። ዛሬ ስለ እርሱ ማወቅ የቻልነው በሕይወት ሳለ ያካፈለውን ያህል ነው። ወዳጆቹን በየጊዜው እየጠራ ባቡሩን አብረውት ያንቀሳቅሱ ነበር፤ ፎቶግራፎቹንና ጽሑፎቹን ለመጽሔቶች ይልክ ነበር። ከእነዚህም በመነሣት በ1981 ስለ ሥራው አንድ መጽሐፍ ታተመ። እሳቱ የበላው በቤቱ የነበረውን ነው። በሰው እጅ የገባውን አላገኘውም።

እንግዲህ ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። የተሻለው መልስ የመጣው ገበታውን ከቤት ለማውጣት ከተነሡ ሰዎች ነው። በ1970ዎቹ በካሊፎርኒያ «ኤን» የተባለውን የ9 ሚሊ ሜትር ሐዲድ የሚወዱ ሰዎች ገበታን በቁራጭ ከፍለው መሥራት ጀመሩ። እያንዳንዱ ቁራጩን በመኪና ጭኖ ወደ አዳራሽ ያመጣል፤ ሲገጣጠሙ አንድ ረጅም መሥመር ይሆናሉ። በ1981 በጀርመን የተቋቋመው ፍሬሞ የተባለ ማኅበር ሐሳቡን አረቀቀው። ሕጉ የሚደነግገው በተለይ የቁራጩን ጫፍ ነው፤ ከወለል ያለው ከፍታ፣ ሐዲዱ በጫፉ ላይ የሚወጣበት ቦታ፣ የኤሌክትሪኩ ማገናኛ። በሁለቱ ጫፎች መካከል ምን እንደሚሠራ ግን የባለቤቱ ፈንታ ነው። አንዱ የበረዶ ዘመን ቢያሳይ፣ ሌላው በአጠገቡ የመከር እርሻ ቢያሳይ፣ ሦስተኛው መሥመሩን ከግራ ወደ ቀኝ ቢያጥፈው ማንም አይከለክለውም። ከዚያም በሰዓት ሠንጠረዥ ባቡር ያስኬዳሉ፤ ለየፉርጎው የጭነት ወረቀት ይጻፍለታል፤ የአንዱ ሰው ፉርጎ በማያውቀው ሰው ጣቢያ ወርዶ ሌላ ጭኖ ይመለሳል።

የእኛ ገበሬ ይህን ጥበብ በሌላ ስም ያውቀዋል። አንድ አንድ በሬ ያላቸው ሁለት ጎረቤታሞች በሬዎቻቸውን አቀናጅተው በየተራ ያርሳሉ፤ መቀናጆ እንለዋለን። በሬዎቹ ቀለማቸውም ጠባያቸውም ሊለያይ ይችላል፤ የሚጠየቁት አንድ ቀንበር እንዲችሉ ብቻ ነው። የፍሬሞ ሰዎች ብልኃት የሚጋሩትን ማብዛት ሳይሆን ማሳነስ ነበር። የጋራው ልክ ጫፍ ላይ ቆመ፤ የእውነት ልክና የመመሳሰል ልክ በመካከል ለእያንዳንዱ ሕሊና ተተዉ። በመንኮራኩር ትክክለኛነት የሚጨነቁትም በዚያው ማኅበር ውስጥ የራሳቸውን የረቀቀ ልክ ይዘው ቦታ አግኝተዋል። ጠቡ ፈጽሞ አልጠፋም፤ በአንድ አዳራሽ ለመኖር የሚያስችል መልክ ግን ያዘ።

በመጨረሻም ነገሩን ወደ አገራችን ሐዲድ እናምጣው። በአፍሪካ ቀንድ ሦስት የሐዲድ ስፋት ተዘርግቷል። ከምጽዋ ተነሥቶ በ1911 አሥመራ የደረሰው የጣልያን መሥመር 950 ሚሊ ሜትር ነው። በ1897 ከጅቡቲ ተጀምሮ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ የገባው የፈረንሳይ መሥመር 1000 ሚሊ ሜትር ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ሦስት ጣት አይሞላም፤ ቢገናኙ ኖሮ ግን ግሎስተርን ባየን ነበር። አሮጌው መሥመር ከአዲስ አበባ እስከ ድሬዳዋ አገልግሎቱን ካቆመ በኋላ በ2016 የተመረቀው አዲሱ ባቡር የዓለሙን 1435 ይዞ መጣ። አሮጌዎቹ ፉርጎዎች በእርሱ ላይ መሄድ አይችሉም።

የአንድ ሜትሩን ሐዲድ በ87ኛ እጅ የሚሠሩበት ልክ ግን በትንንሾቹ ዓለም ተዘጋጅቶ ይጠብቃል። 12 ሚሊ ሜትር ነው፤ የስዊስ ተራራ ባቡሮችን የሚሠሩ ሰዎች ከብዙ ዐሥርት ዓመታት ጀምሮ ይጠቀሙበታል። የለገሃርን ጣቢያ፣ የአዋሽን ድልድይ፣ የድሬዳዋን የጥገና ሥፍራ ለክቶ በዚህ ልክ ሊሠራ የሚነሣ ሰው ቢገኝ የሚገጥም ሐዲድ ለማግኘት አይቸገርም። ከአዲስ አበባ እስከ ጅቡቲ 784 ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር። በ87 ሲካፈል 9 ኪሎ ሜትር ይሆናል።

ዘጠኝ ኪሎ ሜትር የሚችል ምድር ቤት የለም። አንድ ሰው አንድ ጣቢያ ይችላል፤ ሌላው አንድ ድልድይ፣ ሌላው ሐዲድ ብቻ የተዘረጋበት ጠፍ ሜዳ። ያን ባቡር በትንሹም ቢሆን ዳግመኛ ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚያስኬደው ሰው ብቻውን አይሆንም። አስቀድመው በጫፉ የተስማሙ ብዙዎች ይሆናሉ።